የጭቃው ሸርጣን ለመውለድ ለምን ባሕር ይወርዳል?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ወር ከናይሮቢ በኬንያ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ዋታሙ ወርደን ሚዳ ክሪክ የሚባለውን የማንግሮቭ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ደን ጎብኝተን ነበር። አስጎብኚያችን ጫፉ የታጠፈ ረጅም ብረት ጭቃው ውስጥ ካለ ጉድጓድ ከትቶ ሳህን የሚያክል ሸርጣን ጎትቶ አወጣ። ገልብጦ ሆዱን አየና ‹ሴት ናት፣ ልትወልድ ወደ ትልቁ ባሕር ትሄዳለች› ብሎ መልሶ ለቀቃት። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የምትኖር ሸርጣን ምን ፍለጋ ነው ባሕር የምትወርደው? ነገሩ እውነት ነው ወይስ ለጎብኚ የሚነገር ተረት?»

ምላሽ፦

እውነት ነው፣ እህቴ። አስጎብኚዎ ተረት አልነገረዎትም። እንዲያውም ያልነገረዎት ይበልጣል።

ግራ ያጋባዎት ስሙ ይመስለኛል። ይህን እንስሳ ሁሉም «የጭቃ ሸርጣን» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሰው ካገኘው ቦታ ተነሥቶ ነው። የትውልድ ቦታው ግን ጭቃው አይደለም። የባሕር ሸርጣን ነው፤ ጭቃው ያደገበት ቤቱ ነው። ነገሩን እንዲህ ገልብጠው ካዩት ጥያቄዎ ግማሹ ይመለሳል።

ማስረጃው እግሩ ላይ አለ። ሸርጣኗን ሲገለብጣት አስተውለው ከሆነ፣ ከሁለቱ ትልልቅ መቆንጠጫዎች ቀጥሎ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሹል እግሮች አሉ። በእነዚህ ነው ጭቃ ላይ የምትሄደው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ይለያሉ። ጫፋቸው ሹል አይደለም። እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። ጭቃ ውስጥ ብቻ ለሚኖር እንስሳ መቅዘፊያ ምን ያደርግለታል? ይህ ሸርጣን ከዋናተኞቹ ሸርጣኖች ቤተሰብ ነው። ውሃው ሲሞላ በእነዚያ መቅዘፊያዎች ተነሥቶ ይዋኛል።

ሳይንሳዊ ስሙ ሲላ ሴራታ ነው። «ሴራታ» በላቲን እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ማለት ነው። ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ጎን የጀርባው ቅርፊት ጠርዝ ላይ በግራ ዘጠኝ፣ በቀኝ ዘጠኝ ሹል ጥርሶች አሉት። ስሙን ያወጣለት ፒተር ፎርስኮል ይባላል። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ ምድር ከላከው የጥናት ቡድን ጋር በ1761 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ የነበረ ወጣት ሊቅ ነው። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ማስታወሻዎቹን በ1775 አሳትሞ ለዓለም ያበቃው ከቡድኑ በሕይወት የተረፈው ብቸኛው ሰው ካርስተን ኒቡር ነው። ይህ ሸርጣን በሳይንስ የታወቀው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በቀይ ባሕር ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ፎርስኮልንም ሳስብ አዝናለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ግርግር ነበር። ከአፍሪካ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ያለውን የጭቃ ሸርጣን ሁሉ አንዱ አንድ ዝርያ ነው ሲል፣ ሌላው አይደለም ሲል ቆየ። በ1998 ነው ነገሩ ጠርቶ አራት ዝርያዎች መሆናቸው የተለየው። እርስዎ ያዩት የአራቱ ግዙፉ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ያለው እሱ ነው። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም አውስትራሊያና የፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ጀርባው ከሃያ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሰፋ፣ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የዚህን እንስሳ ሕይወት ለመረዳት ከቅርፊቱ መጀመር ይሻላል። ሌላው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

እኛ አጥንታችን ውስጥ ነው፤ ሥጋችን ሲያድግ አጥንቱም አብሮ ያድጋል። የሸርጣን አጥንት ግን ውጭ ነው። ደረቅና የማይለጠጥ ነው። ስለዚህ ማደግ ሲፈልግ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ አሮጌውን ጥሎ በአዲስ መውጣት። በዕድሜው ውስጥ ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። ትንሽ ሳለ በየጥቂት ቀኑ፣ ሲተልቅ ግን ወራት እየጠበቀ።

አንድ ሌሊት ይህ ሲሆን ገንዳ አጠገብ ተቀምጬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከኋላ፣ የጀርባው ቅርፊትና የሆዱ ክዳን የሚገናኙበት ስፌት ተከፈተ። በስንጥቁ ውስጥ አዲሱ ገላ ለስላሳና ብሩህ ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚያ ሸርጣኑ ወደ ኋላ መውጣት ጀመረ። ትንሽ ይገፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል። የጨነቀኝ መቆንጠጫው ላይ ሲደርስ ነው። ጡንቻው የእኔን አውራ ጣት ሁለት እጥፍ ያክላል፤ የሚያልፍበት መገጣጠሚያ ግን ከትንሽ ጣቴ ይጠባል። ደግነቱ ሰውነቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከመቀየሩ በፊት የመቆንጠጫው ጡንቻ ይኮማተራል። ቀስ ብሎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተስቦ ወጣ። ሲያልቅ ገንዳው ውስጥ ሁለት ሸርጣን ያለ ይመስላል። አንዱ ባዶ ቅርፊት ነው፤ የዓይኑ ሽፋንና የአፉ ፀጉር ሳይቀር አልጎደለም። ሌላው አጠገቡ ተኝቷል፤ በጣት ቢነኩት ይጎደጉዳል። ወዲያው ውሃ እየጠጣ ያብጣል። አዲሱ ቅርፊት ሳይደርቅ መስፋት አለበት፤ ከደረቀ በኋላ አይሰፋም።

ገበያ ላይ «ባዶ ሸርጣን» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ቅርፊቱ በቀናት ይጠነክራል፤ ውስጡን በሥጋ መሙላት ግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ውስጡ ውሃ ነው። አጥማጆች በሆዱ በኩል፣ የእግሮቹ ሥር አካባቢ በአውራ ጣት ይጫኑታል። ከጎደጎደ ገና ነው፤ መልሰው ይለቁታል። ለሚገዛም ለሚያጠምድም ይህ የአውራ ጣት ፈተና ይጠቅማል። ባዶ የተባለው ሸርጣን ጉድጓዱ ቢመለስ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ራሱ ሙሉ ይሆናል።

የጋብቻውም ነገር ከቅርፊቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሴቷ የምትገናኘው ቅርፊቷን ገና በጣለችበት፣ ለስላሳ በሆነችበት ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ደግሞ ማንም ሊበላት ይችላል። ሌላ ሸርጣን እንኳ። ታዲያ ወንዱ ምን ያደርጋል? ጊዜዋ መቅረቡን ውሃ ውስጥ ከምትለቀው ጠረን ያውቃል። አግኝቷት ከሆዱ ሥር በእግሮቹ ያቅፋታል። ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እንዳቀፋት ይሄዳል፣ ሌላ ሲመጣ መቆንጠጫውን ከፍቶ ይቆማል። ቅርፊቷን ስትጥል ለቀቅ ያደርጋታል። ከዚያ ቀስ ብሎ ገልብጧት ይገናኛሉ። እንደጨረሰ ጥሏት አይሄድም፤ እስክትጠነክር ይጠብቃታል። የጓደኛውን እግር ሰብሮ የሚበላ እንስሳ እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት ልብ ይነካል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ሴቷ የወንዱን ዘር ተቀብላ ወዲያው እንቁላል አትጥልም። ዘሩን ሰውነቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ወራት ልታቆየው ትችላለች። ከአንድ ጊዜ በላይ እንቁላል የምታራባበት ዘር ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ጉዞዋን ስትጀምር ወንድ አያስፈልጋትም። ብቻዋን ነው የምትሄደው።

ለምን ትሄዳለች? ምክንያቱ ልጆቿ ናቸው። ትልቁ ሸርጣን ቻይ ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ጨው አልባ ሊሆን ሲቃረብ ይችላል። ድርቅ ሆኖ ከባሕር ውሃ በላይ ሲመርም ይችላል። ሙቀቱንም፣ አየር ያጣ ጭቃውንም ይችላል። ከእንቁላል የወጣው እጭ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይችልም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። እጩ የሚመቸው እዚያ አካባቢ ነው። ጨው ከግማሹ ሲወርድ ይሞታል። በዝናብ ወራት የማንግሮቭ ውሃ የሚሆነውን ያስቡት፤ አንድ ሌሊት የዘነበ ዝናብ ሚሊዮን እጭ ይጨርሳል። በዚያ ላይ ማንግሮቩ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች እንደ ጉድ ናቸው። ሁሉም ደግሞ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ለስላሳ ጉርሻ ነው። እናትየው ልጆቿን ጨዉ ወደማይለዋወጥበት ሰፊ ውሃ ታደርሳቸዋለች።

በሰሜን አውስትራሊያ ሴቶቹ ከባሕር ዳርቻ እስከ 95 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ለሽሪምፕ በተጣለ መረብ ተይዘው ተገኝተዋል። ጥልቀቱ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የተያዙት ሴቶች ናቸው። በኬንያ ዳርቻ ያን ያህል መሄድ አያስፈልጋትም። የባሕሩ ወለል በአብዛኛው ቶሎ ይዘቀዝቃል፤ ጥልቁ ውሃ ሩቅ አይደለም።

እንቁላሎቹን ከሆዷ ክዳን ሥር እንደ ስፖንጅ አቅፋ ትይዛለች። ቁጥራቸው በሚሊዮኖች ነው። መጀመሪያ ደማቅ ብርቱካናማ ናቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይጠቁራሉ፤ ያ ጥቁረት የእጮቹ ዓይን ነው። በእግሯ እየነካካች፣ ውሃ እያራገበች ታጸዳቸዋለች። ከዚያ ይፈለፈላሉ።

የሚወጣው ነገር ሸርጣን አይመስልም። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ትልልቅ ዓይን፣ ግንባሯና ጀርባዋ ላይ ረጅም እሾህ፣ ከኋላ ቀጭን ጅራት አላት። ከሌላው ደቃቃ የባሕር ሕይወት ጋር ትንሳፈፋለች። አምስት ጊዜ ቅርፊቷን ትቀይራለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በአምስተኛው መቀየር መልኳ ይለወጣል። መቆንጠጫ ታወጣለች፤ ጅራቷ ግን ገና አለ፣ ግማሽ ሽሪምፕ ግማሽ ሸርጣን ትመስላለች። በዚህ መልክ ነው ወደ ዳርቻው የምትመጣው። የሚቀጥለውን ቅርፊት ስትጥል ትንሽ ሸርጣን ናት፣ ምስር የምታክል። ከዚህች ቅጽበት በኋላ ነው ጭቃው ቤቷ የሚሆነው።

እናትየውም ከወለደች በኋላ ተመልሳ ትመጣ ይሆናል። ልጆቿን ግን ይዛ አትመጣም። ያለ እሷ ነው የሚመለሱት። ከሚሊዮኑ ስንቱ እንደሚደርስ ሲያስቡት፣ አስጎብኚዎ ያቺን አንዲት ሴት መልሶ መልቀቁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል።

ለመሆኑ ማንግሮቩ ምን ይሰጠዋል? ምግብና ጉድጓድ። መቆንጠጫው ሲያዩት አስፈሪ ነው፤ ሰው ዓሣ የሚያሳድድ አዳኝ ይመስለዋል። ሆዱ ሲመረመር ግን በብዛት የሚገኘው የቀንድ አውጣና ጥንድ ዛጎል ያላቸው የጭቃ እንስሳት ስብርባሪ ነው። ቀጥሎ ትናንሽ ሸርጣኖች። ዓሣ እምብዛም የለም። የሚሸሽ አይደለም የሚይዘው፤ የማይሸሽ ግን ጠንካራ ቤት ያለው ነው። አንዱ መቆንጠጫ ወፍራም ነው፣ እሱ ይሰብራል። ሌላው ቀጠን ያለ ነው፣ እሱ ይቆርጣል። ምግቡን የሚያገኘውም በዓይኑ አይደለም፣ ማታ ነውና የሚወጣው። የእግሮቹን ጫፍ ጭቃ ውስጥ እየሰካ ይሄዳል። እግሩ ይቀምሳል ብል ማጋነን አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ የተቀበረ ቀንድ አውጣ በእግሩ ጫፍ ይታወቀዋል።

ጉድጓዱን ደግሞ አይተውታል። ሰያፍ ወርዶ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ውሃው ሲሸሽ ታችኛው ክፍል እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ስዋሂሊዎቹ ሸርጣንን «ካ» ይሉታል። ይኸው ቃል በቋንቋቸው «ተቀመጥ» ማለትም ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ሲጠብቅ ላየው ግን ስሙ ይስማማዋል።

ስለዚያ የታጠፈ ብረት አንድ ነገር ልበል። ልምድ ያለው አጥማጅ በእጁ ስሜት ብቻ ቅርፊቱ ላይ አሳርፎ ይስበዋል፤ የሚያስገርም ጥበብ ነው። ልምድ የሌለው ሲሆን ግን እግር ይሰበራል፣ ሆድ ይወጋል። ሸርጣን የተጎዳ እግሩን ራሱ ቆርጦ ይጥላል፤ በሚቀጥሉት ቅርፊት መቀየሮች ደግሞ ሌላ ያበቅላል። ሆዱ ከተወጋ ግን አይተርፍም። አጥማጁ ትቶት ቢሄድም ጉድጓዱ ውስጥ ይሞታል። ወጥመድ ቅርጫት ይሻላል እላለሁ፤ የያዘውን አይተው መርጠው መልቀቅ ይቻላል።

በኬንያ ዳርቻ አንዳንድ ማኅበራት ባዶዎቹን ሸርጣኖች በእንጨት ሳጥን ውስጥ እየመገቡ ያደልባሉ። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፤ አንድ ላይ ካደሩ ይበላላሉ። ጥሩ ሥራ ነው፣ የቤተሰብ ገቢ ነው። ግን አይርሱ፣ የሚደልቡት ሸርጣኖች ከዱር የተለቀሙ ናቸው። ከእንቁላል አንሥቶ በገንዳ ማሳደግ ዛሬም ከባድ ነው። አብዛኞቹ እጮች መንገድ ላይ ይሞታሉ። ስለዚህ የሳጥኑም ሸርጣን ቢሆን ባሕር የወረደች አንዲት እናት ልጅ ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ሕግ ሴት የጭቃ ሸርጣን ማጥመድ ጭራሽ ይከለክላል፤ ወንዱም ጀርባው 15 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አይነካም። እኛ ጎረቤት ሀገርም እንዲህ ያለ ጥብቅ ልማድ ቢጸና ደስ ይለኛል። አስጎብኚዎ ማንም ሳያዝዘው አድርጎታል። እጁ ይባረክ።

መብላት ይፈቀዳል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም» የሚለውን የኦሪት ሕግ ይጠብቃል። እኔም በዚያው አድጌያለሁ። ዕውቀቱ ግን በመብላት ላይ የቆመ አይደለም። «ሸርጣን ኮከቡ» እያልን ስሙን ስንጠራ የኖርነውን እንስሳ በዓይናችን ብናየው ጥሩ ነው።

ወደዚያች ወደተለቀቀችው ልመለስ። አስጎብኚው ሆዷን አይቶ ሴትነቷን ያወቀው እንዲህ ነው። ወንዱ ሆዱ ላይ የታጠፈው ክዳን ጠባብና ሹል ሦስት ማዕዘን ነው። የሴቷ ሰፊ ነው። ያልደረሰችዋ ሴት ክዳን ግን ገና ሦስት ማዕዘን ይመስላል፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ስትደርስ ክብ ይሆናል፣ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ላይ ፀጉር ያወጣል። ያ ፀጉርና ያ ስፋት እንቁላሉን አቅፎ ለመያዝ ነው። ፎቶ አንሥተው ከሆነ እስቲ ይመልከቱት። ክብና ጠቆር ያለ ከሆነ፣ ያቺ ሸርጣን አብዛኛውን ጊዜ ባሏን ያገኘች ናት። ዘሩን ይዛዋለች። ጊዜዋ ሲደርስ የውሃውን ሽሽት ተከትላ በሚዳ ክሪክ ጠባብ አፍ በኩል ትወጣለች።

ደግመው ከሄዱ ውሃው በሸሸ ሰዓት፣ ጫማዎን አውልቀው፣ እርሳስ የመሰሉ ሥሮች ከጭቃው ቀጥ ብለው የቆሙበትን ዳር ፈልጉ። ትልቁን ጉድጓድ ይተዉት። በሥሮቹ መካከል ያለውን ኩሬ ዝቅ ብለው ይዩ። ጥፍር የምታክል፣ ገና ከባሕር የመጣች አንዲት ልታገኙ ትችላላችሁ። ጥላዎ ሲያርፍባት ሁለቱን ትናንሽ መቆንጠጫዎች ዘርግታ ትጠብቅዎታለች።